የኋላ ፍሬን ሲጮኽ ምን ይላል?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ አስተዳደርና ስለ ምጣኔ ሀብት ብዙ ቁም ነገር አስተምረውናል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ፍሬን ነው፤ ያውም ስለ መኪና የኋላ ፍሬን፤ ያውም ስለሚያሰማው ድምፅ ብቻ። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞች «ይህ የጋራዥ ነገር እንጂ የዩኒቨርሲቲ ነገር ነውን?» ብለው እንደ ሣቁ ሰምተናል። ሣቁ አላስቀየመንም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ እኛም አብረን በሣቅን ነበር። አሁን የማንሥቅበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ግን ጥቂት ታግሣችሁ እንድታዳምጡን እንለምናለን።

ጋምቤላ መጀመሪያ ከሩቁ ዓለም ጋር የተገናኘችው በውሃ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ክረምት መጥቶ ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ዕቃ ጭነው ይመጡ፣ ከደጋው የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በጋምቤላና በጎሬ መካከል ያለውን አቀበትና ቁልቁለት ግን ጭነቱ የሚያልፈው በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር። በቅሎ ደግሞ ፍሬን አያስፈልጋትም፤ ቁልቁለቱ ሲበረታባት እግሯን ተክላ ትቆማለች።

ዛሬ እነዚያ መርከቦች የሉም። መድኃኒቱም፣ መጽሐፉም፣ ሲሚንቶውም፣ ስኳሩም፣ በየመጠለያው ላሉት ስደተኞች የሚላከው እህልም አብዛኛው ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርደው በመኪና ነው። እኛም ለዕረፍት ስንሄድና ስንመለስ በዚያው መንገድ እንጓዛለን፤ ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ የኢሉባቦሩ ቡሬ፣ ከቡሬ ቁልቁል ወደ ባሮ ሜዳ። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ስትሆን ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ናት። በመካከላቸው ያለው 1500 ሜትር ያህል ልዩነት በካርታ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ለፍሬን ግን ቀላል አይደለም።

እስቲ የፊዚክስ ትምህርታችንን እናስታውስ። ሰውና ዕቃ ጭኖ 3000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ 1500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 44 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት ከ120 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ጎማው የሚወስዱት አለ፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩም ብዙውን ይወስዳል። የቀረው በሙሉ ግን በአራቱ ጎማዎች ውስጥ ባለው ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። እንግዲህ ከእነዚህ አራት ፍሬኖች አንዱ ታሞ ከሆነ፣ ሕመሙ መታወቅ ያለበት ጎሬ ላይ እንጂ ቁልቁለቱ መካከል አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። ባለፈው ዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ከመቱ ወደ ጋምቤላ በሚኒባስ እንመለስ ነበር። ሦስታችንም የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር በመኪናው ውስጥ 14 ሰዎች ነበርን፤ ከእነዚህም መካከል አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ነበረች። ከኋላ በኩል የሚሰማ አንድ መጥፎ ድምፅ ነበረ። ጎሬ ለምሳ በቆምን ጊዜ ሾፌሩ «እናንተ ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲ ነን ብላችሁኛል፤ ይህ ነገር ምን ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀን። እኛም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳንጠይቀው «የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጋምቤላ ያደርሳል፤ እዚያ ይታያል» ብለን መለስንለት። ኩሽኔታ ሲበላ እንደሚያጓራ አንብበን ነበርና ያነበብነውን ነገር በመጀመሪያ ባገኘነው ድምፅ ላይ ለጠፍነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆነ።

በዚያው ሻይ ቤት አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። ንግግራችንን ሰምተው ወደ ሾፌሩ ዞሩና «ወንድሜ፤ የሚጮኸው ፍሬን ስትይዝ ነው ወይስ ሳትይዝም?» አሉት።

«ስይዝ ነው።»

«በየትኛው በኩል?»

«በቀኝ፣ ከኋላ።»

«ድምፁ ምን ይመስላል?»

«መጀመሪያ እንደ ፉጨት ነበረ። ከሳምንት ወዲህ ግን ብረት ከብረት ሲፋጭ ይመስላል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከመቱ ከተነሣን ወዲህ ቀንሷል።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «እኔን ያስፈራኝ መቀነሱ ነው» አሉ።

ጎማው ወልቆ ታምቡሩ ሲከፈት ያየነውን እስከ ዛሬ አልረሳነውም። የፍሬን ሸራው አልቆ የሪቬቶቹ ራስ ታምቡሩን መብላት ጀምሯል። ሸራው ስላለቀ በጎማው ውስጥ ያለችው ትንሿ የፍሬን ፖምፓ ፒስተኖቿን ከልክ በላይ ወደ ውጭ ስትገፋ ኖራ፣ ጎሚኒዋ ተበላሽቶ የፍሬን ዘይት ታፈስሳለች። ዘይቱም ሸራውንና ታምቡሩን አርሶታል። ድምፁ የቀነሰው ፍሬኑ ስለ ዳነ አልነበረም፤ ቅባት ስለ ጠጣ ነበር። እኛ «ጋምቤላ ያደርሳል» ያልነው ይህንን መኪና ነበር። የብዙ መኪናዎች የፍሬን መስመር ለሁለት የተከፈለ ስለ ሆነ አንዱ ወገን ቢያፈስስ ሌላው ወዲያው አይጠፋም፤ ነገር ግን የኋላው ሲደክም ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው ላይ ይወድቃል፤ ያም በረጅም ቁልቁለት ላይ ከመጠን በላይ ይግላል።

ረዳቱ በሌላ መኪና ወደ መቱ ተመልሶ ሸራና ጎሚኒ ገዝቶ መጣ። በዚያች ሌሊት ጎሬ አደርን። አንዳንድ መንገደኞች በመዘግየታቸው አጉረመረሙ፤ እኛም ዕዳችን ስለ ነበር ዝም ብለን ሰማን። በማግስቱ በደኅና ወረድን። ከመለያየታችን በፊት «ጋሼ፤ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ተሳስተናል» ባልናቸው ጊዜ ሽማግሌው አልተቆጡንም። «ልጆቼ፤ መኪናው እየተናገረ እናንተ ተናገራችሁ። ሌላ ጊዜ እሱ እስኪጨርስ ጠብቁት» አሉን። የዛሬው ንግግራችን ከእርሳቸው የተማርነውን ከመጽሐፉ ጋር አስታርቀን ያቀረብነው ነው።

በመጀመሪያ የኋላ ፍሬን ለምን የተለየ ጥንቃቄ እንደሚያሻው እንናገር። መኪና በሩጫ ላይ ሳለ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ስለዚህ የበለጠውን ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ፍሬን ነው። የኋላው ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ቀስ ብሎ የሚያልቅ ነገር ደግሞ ይረሳል። ከዚህም በላይ በብዙ መኪናዎች የፊተኛው ፍሬን ዲስክ ሲሆን በቸርኬው ቀዳዳ አጎንብሶ ማየት ይቻላል። የኋላው ግን በብዙዎቹ ሚኒባሶች፣ ፒካፖችና የጭነት መኪናዎች ታምቡር ነው፤ ባጃጅማ ሦስቱም ጎማዎቿ በታምቡር ናቸው። ታምቡር እንደ ተከደነ ድስት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታይም። ለዚህ ነው የኋላ ፍሬን ለባለቤቱ የሚልከው የመጀመሪያ መልእክት ብዙ ጊዜ ድምፅ የሚሆነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ይገፋል። ዘይቱ በጎማው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፖምፓ ደርሶ ሁለት ፒስተኖችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል። ፒስተኖቹ ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉትን ሁለት ሸራ የለበሱ ብረቶች ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ያጣብቃሉ። እግሩ ሲነሣ ሞላዎቹ ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። የእጅ ፍሬንም በብዙዎቹ መኪናዎች እነዚህኑ ሸራዎች በካቦ ይጎትታል።

ድምፁ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ማሲንቆን እናስብ። የደጋኑ ጭራ በገመዱ ላይ ሲሳብ ይይዘዋል፤ ይለቅቀዋል፤ እንደ ገና ይይዘዋል። ይህ መያዝና መልቀቅ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። ሸራና ታምቡርም እንዲሁ ናቸው። ተጣብቀው በእኩልነት ሲንሸራተቱ ዝም ይላሉ፤ አንድ ነገር በመካከላቸው ገብቶ ወይም አንድ ነገር ላልቶ መያዝና መልቀቅ ሲጀምሩ ይጮኻሉ፤ ሰፊው ታምቡርም እንደ ከበሮ ድምፁን ያጎላዋል። እንግዲህ የድምፁን ምክንያት ለመለየት የሽማግሌውን አራት ጥያቄዎች በተራ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መቼ ይጮኻል? በየት በኩል? ምን ይመስላል? በጊዜ ብዛት እንዴት ተለወጠ?

ጧት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬኖች ላይ ብቻ ተሰምቶ የሚጠፋ ድምፅ በአብዛኛው አያሰጋም። በክረምት የባሮ እርጥበት ሌሊቱን በታምቡሩ ላይ ቀጭን ዝገት ያበቅላል፤ ሸራው ጠርጎት ያልፋል። ቀኑን ሙሉ የሚቀጥል ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

ፍሬን ቀለል አድርገው ሲይዙ ብቻ የሚሰማ ቀጭን ሲጢጥታ ወይም ፉጨት ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያመለክታል። የበጋ አቧራ በታምቡሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አቦቦ ወይም ወደ ኢታንግ በጥርጊያ መንገድ የሚመላለስ መኪና ይህን ያውቃል። ወይም ሸራው በሙቀት ብዛት ፊቱ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ደርቋል። ወይም ደግሞ ሸራዎቹ የሚደገፉበት የብረት ሳሕን ቅባቱ ደርቆ ብረት በብረት ላይ ይንጫጫል። ሦስቱም ቶሎ የሚጠገኑ ናቸው፤ ሆኖም ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳይከፍቱ ማወቅ አይቻልም።

ብረት ከብረት የሚፋጭበት፣ ጥርስ የሚያሳክክ ሻካራ ድምፅ ከሆነ ጥያቄው አብቅቷል። ሸራው አልቋል ወይም ከብረቱ ተላቅቋል። መኪናው እዚያው መቆም አለበት። አንድ ቀን በጨመረ ቁጥር የሸራ ዋጋ የታምቡር ዋጋ ይሆናል፤ ቁልቁለት ካለበት ደግሞ ዋጋው በገንዘብ አይቆጠርም።

ፍሬን ሳይያዝም በጎማው ዙር ልክ ሽው ሽው እያለ የሚመታ ድምፅ አንድ ነገር ታምቡሩን እየነካ መሆኑን ይናገራል። የእጅ ፍሬኑ ካቦ ዝጎ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል፤ የመመለሻው ሞላ ተሰብሮ ይሆናል፤ ጠጠር ገብቶ ይሆናል፤ ወይም ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል። እንደዚህ ያለው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ጥቂት ነድቶ ቆሞ እጅን ሳያስነኩ ወደ ቀኙና ወደ ግራው ቸርኬ በማስጠጋት የሁለቱን ሙቀት ማወዳደር ይቻላል። የተቃጠለ ሽታም ካለ ምስክር ነው።

ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ ብቻ ቋ የሚል ከሆነ፣ ይልቁንም ወደ ኋላ ከተነዳ በኋላ ወደ ፊት ሲነዳ የሚሰማ ከሆነ፣ ሸራውን የሚይዘው ሞላ ወይም ችንካር ላልቷል። ነገር ግን ይህ ድምፅ ከታምቡሩ ውጭም ሊመጣ ስለሚችል የጎማው ዳዶዎችና የባሌስትራው ማሰሪያዎች መጥበቃቸውን አስቀድሞ ማየት ይገባል። ታምቡሩ በቅርቡ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከሆነም ቢላው የተወው ጠመዝማዛ መሥመር ሸራውን እንደ ብሎን ጥርስ ወደ ጎን እየሳበ ሲለቀው ቋ ቋ ሊል ይችላል።

በመጨረሻ እኛ ያፈርንበት ኩሽኔታ አለ። የተበላ ኩሽኔታ ያጓራል፤ ጩኸቱም ከፍጥነት ጋር ይጨምራል፤ መሪው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲዞር ይለወጣል። ፍሬን መያዝ አለመያዝ ግን እምብዛም አይለውጠውም። ሾፌሩን «ስትይዝ ነው ወይስ ሳትይዝም?» ብለን ብንጠይቀው ኖሮ ስሕተታችን በአንድ ቃል ይታረም ነበር።

ድምፁ ከጊዜ ጋር እንዴት ተለወጠ የሚለው አራተኛው ጥያቄ ሁሉን ያስራል። ፉጨት ወደ ፍጭት ከተለወጠ ሸራው እያለቀ ነው። ፍጭት ያለ ጥገና ወደ ዝምታ ከተለወጠ ደግሞ የፍሬን ዘይት ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶ እንዳይሆን ያስፈራል። ያን ጊዜ ወዲያው የፍሬን ዘይት መያዣውን ከፍቶ መጠኑን ማየት፣ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ እርጥበት መኖሩን መመርመር ያሻል። ስለ ዘይቱ አንድ ነገር እንጨምር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ልክ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ በቁልቁለት ላይ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉም ባዶ ይወርዳል። እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃትና ርጥብ አገር ዓመታት የቆየ ዘይት ይዞ መውረድ ስለዚህ ብልህነት አይደለም።

አሁን ስለ መክፈቱ ጥቂት እንበል። ጎማው በክሪክ ከመነሣቱ በፊት የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ። በጥቁሩ የጋምቤላ አፈር ላይ ክሪክ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይደረጋል፤ ሰው ከመኪና በታች የሚገባው ደግሞ በክሪክ ብቻ ታምኖ አይደለም። ታምቡሩ እንዲወጣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ከተከፈተ በኋላ የሸራው ውፍረት በቀኝም በግራም ይታያል፤ ሞላዎቹ ይቆጠራሉ፤ የፖምፓዋ ጎሚኒ በቀስታ ተገልጦ እርጥበት ይፈለጋል። ሸራ ሲለወጥ በአንድ አክስል ላይ ያሉት የሁለቱም ጎማዎች አብረው ይለወጣሉ፤ ያለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ዘይት የጠጣ ሸራም በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ መጣል አለበት።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ስለ አቧራው ነው። በየጋራዡ ታምቡር ሲከፈት አንድ ልጅ በአፉ ወይም በኮምፕሬሰር አየር እፍ ብሎ አቧራውን ሲያበንነው አይተናል። አንዳንድ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባለው ማዕድን አለባቸው፤ ያለበትንና የሌለበትንም በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቤስቶስ ዓይነት ሁሉ ካንሰር እንደሚያመጣ ይናገራል፤ በሽታውም የሚታየው ብዙ ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ በ15 ዓመቱ አቧራውን የሚተነፍሰው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ሲታመም ምክንያቱን የሚያስታውስ አይገኝም። መከላከያው ግን ውድ አይደለም፤ አቧራውን ሳያበንኑ በውሃ አርሶ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በከረጢት አስሮ መጣል ነው።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፤ ይህን ሁሉ የተናገርነው ሁላችሁም ሜካኒክ እንድትሆኑ አይደለም። ሦስት ነገሮችን ለማሳሰብ ነው።

አንደኛ፤ በመኪና ስንጓዝ ዝም አንበል። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ 14 ሰዎች ድምፁን ሰምተናል፤ ከሾፌሩ በቀር የተናገረ አልነበረም። ሾፌሩን እንዳናስቀይም፣ ጉዞው እንዳይዘገይ፣ ዐዋቂ መስለን እንዳንታይ እያልን ዝም እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የመኪናውን በሽታ ግን የሚደብቀው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ እየሰማ ዝም የሚለው መንገደኛም አብሮ ይደብቀዋል። «ወንድሜ፤ ከኋላ በቀኝ በኩል ይሰማል፤ ፍሬን ስትይዝ ነው» ብሎ በትሕትና መናገር ማንንም አያስቀይምም።

ሁለተኛ፤ በሾፌሩ ላይ ብቻ አንፍረድ። ብዙው ሾፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም። መኪናው አንድ ቀን ከቆመ የቀኑ ገቢ ይጎድላል፤ ባለቤቱም ይቆጣል። ስለዚህ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ መንዳት ይቀለዋል። ባለ መኪናዎች ለሸራ የሚያወጡትን ገንዘብ ከትርፍ ላይ እንደ ተቆረጠ ሳይሆን መንገደኛው ከከፈለው ዋጋ ውስጥ የተወሰነው ለደኅንነቱ የተሰጠ አደራ አድርገው ሊያዩት ይገባል። እኛም መንገደኞቹ ጎሬ ላይ አንድ ሌሊት ማደርን እንደ በደል ቆጥረን ስናጉረመርም ሾፌሩን ወደ ቁልቁለቱ የምንገፋው እኛው እንደ ሆንን እንወቅ።

ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። ሽማግሌው ከእኛ የሚበልጡት ብዙ ስላነበቡ አልነበረም፤ ከመመለሳቸው በፊት ስለ ጠየቁ ነበር። እኛ ደግሞ ስለ አስቤስቶስና ስለ ዘይቱ መፍያ ልክ ያነበብነው ለጋራዡ ልጆች አልደረሰም። ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ጥቂት ሆነን ወደ ከተማው ጋራዦች እንሂድ፤ ከሠራተኞቹ ጆሮን እንማር፤ በምላሹም የአቧራውን ጉዳት የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት በአኙዋክ፣ በኑዌር፣ በአማርኛና በኦሮምኛ አዘጋጅተን እናድርስ። ቋንቋዎቹን የሚያውቁ ጓደኞች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ወረቀቱና ማባዣውም በኅብረቱ ቢሮ አለ። ዛሬ ማታ ስማቸውን የሚያስመዘግቡ ካሉ መዝገቡን በር ላይ አስቀምጠናል።

በማግስቱ ጧት ያ ሚኒባስ ከጎሬ ሲወርድ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ነዳ። ከኋላ ምንም አይሰማም ነበር። ያችም እናት ሕፃኗን አቅፋ ተኝታ ነበር። ዝምታው ያን ቀን እውነተኛ ዝምታ እንደ ነበር ያወቅነው ተከፍቶ ስላየነው ብቻ ነው።

 ጥያቄ ያለው ይጠይቀን፤ የምናውቀውን እንመልሳለን፤ የማናውቀውን ግን አብረን ከፍተን እናያለን።